ስለ «ጫነ» እና «ተከለ»
በሩቅ ሰርቨር ላይ ሥዕላዊ ገበታ ለማከል በሚነገሩ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ብቻውን ሲታይ ደኅና መስሎ፣ ከሌሎች ቃላት ጋር በአንድ ሥራ ላይ ሲውል ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን፣ ሊኑክስ በሚሠራበት ሩቅ ሰርቨር ላይ ሥዕላዊ ገበታ የማከል ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ስክሪንም ማውስም የለውም፤ ባለሙያው ኤስኤስኤች በተባለው ምስጢራዊ መስመር ገብቶ በጽሑፍ ትእዛዝ ያሠራዋል። መስኮትና ሥዕል የለመደ ሰው ግን እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀላል ገበታ ያክልበትና በቪኤንሲ አማካይነት ከርቀት ይመለከተዋል።

«ገበታ» ያልነው ዴስክቶፕ የሚባለውን ነው። «ገጸ ጠረጴዛ» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም የቤት ዕቃን እንጂ ሥራን አያስታውስም፤ «የፊደል ገበታ» እና «የሥራ ገበታ» ግን በሕዝቡ አፍ የኖሩ ናቸው።

ዋናው ችግር ያለው በግሱ ላይ ነው። ፕሮግራም «ተጫነ» ይባላል። ቃሉ ጽኑ መሠረት አለው፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር በቆሎውን በአህያ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚወስድ ገበሬ መጫንንና ማራገፍን ያውቃል። ነገር ግን ይኸው ግስ ፋይልን ከራስ መሣሪያ ወደ ሰርቨር ለማሻገርም ይነገራል። እንግዲህ «ገበታውን ሰርቨሩ ላይ ጫነው» የተባለ የቡሬ ተማሪ ምን ያድርግ? ፋይሉን ከእጁ ይላክ ወይስ ሰርቨሩ ራሱ ከማከማቻው አውርዶ እንዲያቆመው ይዘዝ? ልዩነቱ የገንዘብም ነው። ገበታው ከነተጓዳኞቹ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው መንገድ የሚያልቀው የተማሪው የሞባይል ዳታ ነው፤ በሁለተኛው ግን ከእርሱ ዘንድ የሚሻገረው አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ጫነ» ለማሻገር እንዲቀር፣ ፕሮግራምን ለሥራ ለማቆም ደግሞ «ተከለ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «የማሽን ተከላ» በሥራ ቋንቋችን የተለመደ ነው፤ ተቃራኒውም «ነቀለ» የታወቀ ነው። ሕዝቡ «ፕሮግራም ጫንሁ» ማለቱን ለመከልከል አንሻም፤ መለየት ያለባቸው መዝገበ ቃላትና የመማሪያ ጽሑፍ ናቸው።

«ሰርቨር»ን «አገልጋይ» ማለትም ጥንቃቄ ይሻል። በገጠሩ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይን ማሳሰቡ ቀላሉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ በተጀመረው የኤክስ መስኮት ሥርዓት ግን፣ በቀጥታ በመስመር ሲሠራበት፣ ሰርቨር የሚባለው በተጠቃሚው ፊት ሆኖ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው፤ በሩቁ ማሽን ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ደንበኛ ይባላል። ስለሆነም ፍቺው «ትልቅና ሩቅ ማሽን» ከሆነ ስሕተት ነው፤ ቃሉ የግብር ስም እንጂ የዕቃ ስም አይደለም።

የሙያ ቃላት አዘጋጆች እያንዳንዱን ቃል በፊደል ተራ ከመፈተን አልፈው በሥራው ቅደም ተከተል ሊፈትኑት ይገባል። «ፋይሉን ጫን፤ ገበታውን ትከል፤ ባያስፈልግ ንቀል» ሲባል ሰሚው ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ከለየ፣ ቃላቱ ተሳክተዋል ማለት ነው።