ምስክርና ጭምብል፦ ስለ «ሮሊንግ ተንደር ሬቪው» ዘጋቢ ፊልም

የሙዚቃ ጉዞ ለዘጋቢ ፊልም የተመቸ ጉዳይ ነው። መንገድ አለ፣ መድረክ አለ፣ በየከተማው የሚለዋወጥ ታዳሚ አለ፤ ካሜራው ዐይኑን ከገለጠ የሚያየው አያጣም። ማርቲን ስኮርሴዚ በ2019 ያወጣው፣ የቦብ ዲለንን የ1975 ጉዞ የሚተርከው «ሮሊንግ ተንደር ሬቪው» ይህን ምቾት እስከ ጫፉ ተጠቅሞበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቢሆንም አይከብድም። የሚከብደው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው።

ዲለን የባላገሩን ዘፈን ከሮክ ሙዚቃ ጋር ካዋሐዱት ከያንያን ግንባር ቀደሙ ነው። በ1974 በታላላቅ የስፖርት አዳራሾች ተዘዋውሮ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ከዘፈነ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ከማሳቹሴትስዋ ፕሊመዝ ከተማ የተነሣው በአነስተኛ አዳራሾች ሊጫወት ነው። ጆን ባዬዝ፣ ሮጀር መግዊን፣ ገጣሚው አለን ጊንስበርግና ሌሎችም አብረውት ተጓዙ፤ ጆኒ ሚቸል በመንገድ ተቀላቀለች። ቫዮሊን ተጫዋቿ ስካርሌት ሪቬራ መሣሪያዋን ይዛ በኒው ዮርክ ጎዳና ስትሄድ ተገኝታ ከጓዱ የተጨመረች ናት። የመጀመሪያው ዙር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኒው ዮርክ ተደመደመ፤ የመጨረሻው ዝግጅትም በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት ለነበረው ለቦክሰኛው ሩቢን ካርተር ድጋፍ የተደረገ ነበር።

የፊልሙ እውነተኛ ሀብት ከዚህ ዘመን የተረፈው ምስል ነው። ዲለን በጉዞው ላይ «ሬናልዶና ክላራ» የተሰኘና በ1978 የወጣ፣ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የራሱን ፊልም ያስቀርጽ ስለነበር ካሜራው ከአውቶቡሱም ከመድረኩም አልተለየም። ስኮርሴዚም ይህን ክምችት ሲያበጥር ዘፈኖቹን እየቆራረጠ አላጠፋቸውም። ፊቱን ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ አበባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍቶ የሚዘፍነው ሰው ከቅርብ ይታያል፤ የዐይኑ ቁጣ፣ የአንገቱ ጅማት፣ ከቫዮሊኗ ጋር የሚለዋወጠው እይታ ሳይቀር ይነበባል። ጊንስበርግ ማህጆንግ በሚጫወቱ ባልቴቶች ፊት ስለ ሟች እናቱ የጻፈውን ረጅም ግጥም የሚያነብበት ትዕይንት ደግሞ ከመድረኩ ሁሉ ይበልጣል። ለሥነ ግጥም ያልተሰበሰበ ታዳሚ ግጥም ሲወርድበት ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ተዋናይ ቀጥሮ ማግኘት አይቻልም።

ይሁንና ስኮርሴዚ ተዋናይም ቀጥሯል። በፊልሙ ውስጥ ጉዞውን የቀረጸው እኔ ነኝ የሚለው ስቴፋን ቫን ዶርፕ የሚባል ሰው የለም፤ የተጫወተው ማርቲን ቮን ሃዘልበርግ ነው። ጃክ ታነር የተባለው የምክር ቤት አባል ማይክል መርፊ በቴሌቪዥን ድራማ የተጫወተው ልቦለዳዊ ሰው ነው። ሻሮን ስቶን በልጅነቷ ከጓዱ ጋር ተጓዝሁ ብላ የምትተርከውም ፈጠራ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ሩቢን ካርተር ራሱ በሚናገርበት አኳኋን፣ በዚያው የምስክርነት ቃና ነው። ፊልሙ በጆርጅ ሜልዬስ የምትሰወር ሴት ትርኢት መከፈቱ ለነቃ ተመልካች የተጣለ ፍንጭ መሆኑ አይካድም። የጉዞው መንፈስም የጭምብል መንፈስ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩ ፍሬ አለው። ነገር ግን ያለ ጥፋቱ ታስሮ በ1985 ነጻ የወጣ ሰው ቃልና የተቀጠረ ተዋናይ ቃል በአንድ ሚዛን ሲቀርቡ፣ ዋጋ የሚከፍለው እውነተኛው ምስክር ነው።

ስለ ጨዋታና ስለ እውነት ካዛንቺስ የራሷ ትምህርት ቤት ነበራት። በአዝማሪ ቤት ማሲንቆ የያዘው ከያኒ ከታዳሚው ስንኝ ይቀበላል፤ «ተቀበል» ያለው ሰው ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ያዜመዋል። ውዳሴው የተጋነነ፣ ስድቡም ፈጠራ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስንኙን የሰጠው ሰው እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ሰሙን የሰማ ወርቁን ይፈልጋል፣ የተነካውም መልስ ይሰጣል። ጭምብሉ በግልጽ የተደረገ ስለሆነ ማንም አይታለልም። ስኮርሴዚ የወሰደው የአዝማሪውን ነጻነት ነው፤ ያልወሰደው ስንኝ ሰጪውን በቤቱ ውስጥ የማሳየት ግዴታውን ነው። (ካዛንቺስ በ2024 በሰፊው ስትፈርስ፣ በመላኩ በላይ እጅ ስሙ በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀው ፈንድቃም ከነበረበት ተነሥቷል፤ የእነዚያ ቤቶች ነገር ራሱን የቻለ ፊልም የሚሻ ነው።)

የተረፈው ሰው የሚያደርገውን የተቸገረ አያደርግም። ዲለን የሚቀልድበት የምስል ክምር አለው። ከዚያው ከካዛንቺስ ደጃፍ፣ ከሂልተን ሆቴል፣ የተነሣ ሌላ ጉዞ ግን ይህ የለውም። ዋልያስ ባንድ በሰዓት እላፊው ዘመን በሂልተን ይጫወት ነበር። እንግዳው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቃውም ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቅ ነበር፤ የባንዱ ጥንካሬ፣ በተለይም ያ የማይቸኩል የኦርጋን አጨዋወት፣ ከነዚህ ረጃጅም ሌሊቶች ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ በአብዛኛው ለስደተኛ ወገኖቹ ተጫወተ። ጉዞው ሲያልቅ ገሚሱ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ በእረፍት ሰዓታቸው በመኪናቸው በያዙት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር፤ በ1985 የሠሩት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሳቸው። አንድ ጉዞ ባንድን ለሁለት ከፍሎ የሰዎችን ዕድሜ አቅጣጫ ሲለውጥ፣ ከዲለኑ የአውቶቡስ ጨዋታ ይልቅ ለዘጋቢ ፊልም የሚገባ አይደለምን?

ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልስ የሰጠው ፖላንዳዊው ማቼክ ቦችኒያክ ነው። በ2017 ያወጣው «ኢትዮፒክስ፦ የነፍስ ዐመፅ» የግርማ በየነን ዳግም መመለስ ይከተላል፤ የሙዚቃ አሳታሚው አቶ አምሃ እሸቴና ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶም በውስጡ አሉ። ምስል ያልተገኘለትን ዘመን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሞላዋል፤ ሥዕል ሥዕል መሆኑን ስለማይደብቅም ተመልካቹን አያታልልም። በዚህ ረገድ የቦችኒያክ ዘዴ ከታላቁ አሜሪካዊ ባለሙያ ዘዴ ይልቅ ለአዝማሪ ቤቱ ሥርዓት ይቀርባል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ የታሪኩ ክብደት በጠፋውና በተገኘው፣ በጠፊውና በአግኚው ላይ ስለሚያርፍ፣ የሰዓት እላፊው ዘመን ሙዚቃ የጠፋበት ብቻ ይመስላል። የዋልያስ «ጨበለው» በ1977፣ ማለትም በዚያው ዘመን፣ የወጣ ሥራ ነው። የተመለሱት ሙዚቀኞችም ከዚያ በኋላ እዚሁ ኖረዋል፤ ተጫውተዋል። የእነርሱን ቃል የሚጠይቅ ካሜራ የሚያስፈልገው ምስክር ፈጥሮ መጨመር አይደለም፤ ያሉትን በጊዜ መድረስ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ2021 ሲያርፉ፣ ቢያንስ በቦችኒያክ ፊልም የሰጡት ቃል ተርፎ ነበር።