ቆዳና አጥንት፤ ከባሕር ውዳቂ ስለ ተሠሩ ሁለት ሥራዎች

ከባሕር ዳርቻ የሚለቀም የፕላስቲክ ውዳቂ ለቀራጺያን ጥሬ ዕቃ ሆኖ ማገልገል ከጀመረ ሰነባብቷል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ይኸውም ስለ ውቅያኖስ መበከል የሕዝቡን ንቃተ ኅሊና ማዳበር ነው። ይሁን እንጂ ዓላማው የቀና ስለ ሆነ ብቻ ሥራው ይሠምራል ማለት አይደለም። ውዳቂው ራሱ በሥራው ውስጥ ምን ተግባር ያከናውናል? ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ የቀረቡ ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል።

አንደኛው በቤልጅግ፣ በብሩዥ ከተማ፣ ከቦይ ውስጥ ተወርውሮ ሲወጣ ይታይ የነበረ ዓሣ ነባሪ ነው። ስቱዲዮ ኬሲኤ የተባለው የኒው ዮርክ የአርክቴክቶች ቡድን በሐዋይ ዳርቻዎች የተለቀመ አምስት ቶን ያህል ፕላስቲክ በብረት አጽም ላይ አልብሶ ባለ አራት ፎቅ ቤት የሚያህል ቅርጽ አቁሟል። ግዙፍነቱ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሰማያዊውና ነጩ እየተመረጠ ስለ ተሰካ፣ ከሩቅ ሲያዩት ቆሻሻነቱ ጠፍቶ ውበቱ ብቻ ይቀራል። ተመልካቹ ተደንቆ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ውዳቂው የእንስሳው ቆዳ እንጂ አጥንት አልሆነም።

ሁለተኛዋ በኬንያ፣ በላሙ የተሠራችው «ፍሊፕፍሎፒ» የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ጀልባ ሠሪው ዓሊ ስካንዳና ባልደረቦቻቸው አሥር ቶን ያህል ፕላስቲክ ቀልጦ ሳንቃና ወጋግራ ከሆነ በኋላ፣ በዚያ ዳርቻ ለብዙ ትውልድ በኖረው የእንጨት ሙያ እየጠረቡ አያያዙት። ፕላስቲክ እንደ እንጨት አይጸናም፤ ይለመጣል፤ እጅ ከቁሱ ጋር መታገል ነበረበት። ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያላትን ይህችን ጀልባ ከላይ ያለበሷት 30,000 ነጠላ ጫማዎች ናቸው። (ቀለማቸው ተዘበራርቋል፤ ደግሞም ይሻላል።) እ.ኤ.አ. በ2019 ከላሙ ዛንዚባር ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። በዚህች ሥራ ላይ ፈራጁ ሐያሲ ሳይሆን ማዕበሉ ነበር፤ ቅርጹ ቢዋሽ ኖሮ ይሰምጥ ነበር። ይዘትና ቅርጽ ተዋሐዱ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሆኖም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በሁለቱም ላይ አንድ ጉድለት ይታያል። በተውኔት ቋንቋ ለመናገር ያህል፣ ባላጋራው መድረክ ላይ አልወጣም። ነጠላ ጫማ የድኻ ጫማ ነው፤ ሌላ የሚገዛበት የሌለው ሰው ይጫማዋል። ሠላሳ ሺሕ ነጠላ ጫማ ሲደረደር ጣት የሚቀሰረው በባለ ጫማው ላይ እንጂ ፕላስቲኩን አምርቶ ባተረፈው ላይ አይደለም። የጀልባዋ ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2021 በቪክቶሪያ ሐይቅ ባደረጉት ጉዞ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በሕግ እንዲታገድ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የተነገረው በንግግር ነው፤ በሳንቃውና በሸራው ላይ ገና አልተቀረጸም።