ማኅሌት የሰማችው፣ አያቴ ያልነገረችኝ

ጣሊያኖች «አምባራዳን» የምትል ቃል አለቻቸው። ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው፤ የልጅ ክፍል ሲዝረከረክ የምትባል ዓይነት ቃል። ምንጯ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለው አምባ አራዶም ነው፤ የካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የተመታበት ተራራ። ቃሏን የሚጠቀም ሁሉ ተራራውን አያውቅም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ በጦርነቱ ጋዝ መጠቀማቸውን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ።

የጋብሪኤላ ጌርማንዲን «የአበቦችና የዕንቁዎች ንግሥት» ሳነብ ይህች ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ጌርማንዲ አዲስ አበባ ተወልዳ ጣሊያን የምትኖር ደራሲ ናት። ልቦለዱን በጣሊያንኛ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተመችው፤ እኔ ያነበብኩት የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደብረ ዘይት ውስጥ ማኅሌት የምትባል ልጅ ከትልልቆቹ እግር ሥር ቁጭ ብላ ወሬ ትለቅማለች። የቀድሞው አርበኛ ሽማግሌው ያዕቆብ ታሪኩን ያጫውታትና አንድ ቀን ለጣሊያኖች እንድትነግርላቸው ቃል ያስገባታል። ልጅቷ አድጋ ለትምህርት ጣሊያን ትሄዳለች፤ ቃሏንም ትረሳዋለች።

ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ነው። ረሺዎቹ ጣሊያኖች ብቻ ቢሆኑ ቀላል ነበር፤ ተቆጥተን እንገላገላለን። ጌርማንዲ ግን መርሳቱን የእኛው ልጅ ላይም አደረገችው። ጣሊያንኛ መምረጧም ትክክል ነው፤ ታሪኩን መስማት ያለበት ሰው የሚሰማበት ቋንቋ ነውና።

የማልስማማው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ማኅሌት አገሯ ተመልሳ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትቀመጥ፣ ሰው ሁሉ ሳትጠይቀው እየመጣ ታሪኩን ይነግራታል። እያንዳንዱ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻው የተስተካከለ ነው። እንደ ተረት ያምራል፣ ግን እኔ የማውቃቸው ሽማግሌዎች እንዲህ አያወሩም።

ያደግኩት ዓለም ከተማ ነው። አያቴን ስለ ጣሊያን ጊዜ ስጠይቃት «ተወው ልጄ፣ ዱር ነበርን» ትልና ቡናዋን መቁላቷን ትቀጥላለች። በቃ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የደረሰችኝ።

መንዝ ውስጥ፣ ዘረት የሚባል ቦታ፣ የአካባቢው ሰው «አመፀኛ ዋሻ» የሚለው ዋሻ አለ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚያ የተጠለሉትን አርበኞች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ እጃቸውን የሰጡ ወንዶችን በመቶዎች ረሸነ። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ለጣሊያን አንባቢ ያወጣው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው። እኔም፣ የሰሜን ሸዋ ልጅ ሆኜ፣ ያወቅኩት በዚያው ዙር ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ኮድ እየጻፍኩ በመሃል ስልኬን ስነካካ። ዓድዋንና የካቲት 12ን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ዘረትን ግን ማንም አላስተማረኝም።

የመንዝ ሰው ግን አልረሳም። ስሙን ከነአመፁ ለዋሻው ሰጥቶ እስካሁን ይጠራዋል። የጎደለው ያንን ስም ሰምቶ «ለምን?» የሚል ሰው ነው፤ ሮምም፣ አዲስ አበባም።

ስለዚህ መጽሐፉን አንብቡት እላለሁ፣ ቅሬታዬን ይዛችሁ። ጌርማንዲ ለጣሊያን አንባቢ ታሪኩን አስረክባ «ከእንግዲህ ያንተም ነው» ዓይነት ስንብት ታደርጋለች፤ ያ ደግሞ የሚገባው ነው። ለእኛ ግን የማኅሌት ዕድል የለንም። ማንም ግቢ ድረስ መጥቶ አይነግረንም፣ ደጋግመን መጠየቅ አለብን፤ «ተወው» ስንባልም ጭምር።

አያቴን «ዱሩ የት ነበር? ከማን ጋር ነበራችሁ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ልጅ ነበርኩ፣ ቡናው እስኪደርስ ቆሎውን ነበር የምጠብቀው። አሁን እሷ የለችም።