«የሳይቶካይን ማዕበል» የሚለው ስም ምን ሸፈነ?

ኮቪድ-19 ሰውን የሚገድለው የገዛ በሽታ የመከላከል ሥርዓቱ ከልክ በላይ ስለሚቆጣበት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለዚህ ታሪክ የተሰጠው ስም «የሳይቶካይን ማዕበል» ነው። ስሙ ያምራል፣ ቶሎም አይረሳም። ችግሩ ከማስረጃው ቀድሞ መሮጡ ነው።

ሳይቶካይን ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ «ቫይረስ ገብቷል፣ ተዘጋጁ» ይላል፤ ሌላው ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፤ «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚልም አለ።

ስሙ እንዲገን ካደረጉት ጥናቶች አንዱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የቻይና ሐኪሞች በዉሃን ከተማ የታከሙ 41 ሰዎችን መዘገቡ፤ 13ቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ነበር። በነዚህ 13 ሰዎች ደም ውስጥ በርካታ ሳይቶካይኖች ከሌሎቹ ታካሚዎች ከፍ ብለው ተገኙ። በዚያ ጥድፊያ መሃል ይሄን ሠርቶ ማውጣት ክብር ይገባዋል። ግን ዝርዝሩን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ኢንተርሉኪን-10 አለበት። የዚህ ፕሮቲን ዋና ሥራ ብግነትን ማብረድ ነው! ጠብ ባለበት ገላጋይም አይጠፋም፤ ገላጋዩን ከተደባዳቢዎቹ ጋር ደምረን «ማዕበል» ካልን ምን ተረዳን? ደግሞስ ለቅሶ ቤት ሰው ስለበዛ ሟቹን ለቀስተኞቹ ገደሉት ይባላል እንዴ? በአንድ ወቅት የተለካ ፕሮቲን መብዛቱን እንጂ ጥፋተኛነቱን አይነግረንም።

«ከፍ አለ» ሲባልም ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በዚያው ዓመት 25 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ በጽኑ በታመሙ የኮቪድ ታካሚዎች ዘንድ ኢንተርሉኪን-6 በአማካይ በአንድ ሚሊ ሊትር 37 ፒኮግራም ገደማ መሆኑን አሳየ። የታማሚው ነጭ የደም ሴሎች ካንሰርን እንዲያጠቁ ተለውጠው በሚሰጡበት ሕክምና ሳይቶካይን ሲያይል ግን መጠኑ ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። ያኛውን ታዲያ ምን ልንለው ነው?

ለኔ ከሁሉ የሚብሰው፣ ስሙ የጎደለውን ፕሮቲን መደበቁ ነው። ኢንተርፌሮን ቫይረስ ሲገባ ቀድሞ የሚጮኽ ማንቂያ ነው። በጽኑ ከታመሙ 987 ሰዎች 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ምልክት ካላሳዩና ቀለል ብሎ ከታመሙ 663 ሰዎች ግን አንድም አልተገኘም። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ የተጎዱት ማንቂያው ስለታፈነ እንጂ ስለበዛ አይደለም።

የማዕበሉ ታሪክ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ኢንተርሉኪን-6 የሚሠራበትን መንገድ የሚዘጋው ቶሲሊዙማብ፣ በብሪታንያው ሪከቨሪ ሙከራ ኦክስጅናቸው በቀነሰና ብግነት በታየባቸው ታካሚዎች ላይ ሞትን ከ35 ወደ 31 በመቶ አውርዷል። ልብ በሉ፣ አወረደ እንጂ አላስቀረም። በዚሁ ሙከራ ብግነትን የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል ሞትን ከ41 ወደ 29 በመቶ ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ቢሆንም፣ ሐኪም ለእነዚህ ታካሚዎች «ማዕበሉን ላብርድ» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያዝ ይበቃል።