በር የሚከፍት ሁሉ መንገድ ያውቃልን?

በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ራውተሮች ቢኖሩ፣ ኮምፒውተሩ ፓኬቱን ለየትኛው አደራ ይስጥ? ሪቻርድ ድሬቭስና ዴቭ ታለር በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት አር ኤፍ ሲ 4191 የተባለው ሰነድ ለአይፒ 6ኛ ዕትም ይህን ጥያቄ ይመልሳል።

ሰነዱ ራውተሮች በሚልኩት ማስታወቂያ ላይ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ የሚል ማዕርግ እንዲጨምሩ፣ ደግሞም «ወደ እገሌ ኔትወርክ የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» ብለው ለይተው እንዲናገሩ ፈቅዷል። እኛ ከዚህ ይልቅ የምናደንቀው፣ ማዕርጉ የቱንም ያህል ከፍ ቢል የማይገኝ ራውተር ከሚገኘው ኋላ እንዲሰለፍ ማዘዙን ነው። የተተወውም አይረሳም፤ ኮምፒውተሩ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ ሳያበዛ እየጠየቀ መመለሱን ይመረምራል። የራውተር ማስታወቂያ በተለመደው አሠራር ለ1,800 ሰኮንድ ይጸናልና፣ በማስታወቂያ ብቻ የሚታመን ኮምፒውተር በሞተ ራውተር ደጅ ግማሽ ሰዓት በቆመ ነበር።

ነቀፋችን «ይገኛል» በሚለው ቃል ላይ ነው። እንደ ቲሲፒ ያለው ፕሮቶኮል መልስ መምጣቱን ካልመሰከረ፣ ኮምፒውተሩ ራውተሩን ራሱ ይጠይቃል፤ በየሰኮንዱ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለ ራውተር እንደሌለ ይቈጠራል። የራውተሩ የውጭ መስመር ቢቋረጥስ? ራውተሩ «አለሁ» ይላል፣ ፓኬቱንም ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን መሄጃ የለውም። ወንዙ ድልድዩን ከወሰደው፣ የመንገድ መሪው በቤቱ መገኘት ለመንገደኛው ምን ይረባዋል? ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ቢጠየቅ መልሱ ያው ነው። ራውተሩ ራሱ መቋረጡን ዐውቆ የማስታወቂያውን ዘመን ዜሮ ቢያደርግ ነው ኮምፒውተሩ የሚድነው።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከፋ ይመስለናል። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክ የሚወስደው ራውተር ቢጠፋ፣ ደንቡ ኮምፒውተሩን ወደ ጠቅላላው መንገድ ይመራዋል። በዚያ በኩል ያለው ራውተር ግን የውስጡን ኔትወርክ ላያውቅ ይችላል፤ ለቤተኞች ብቻ የታሰበው ፓኬትም በማይገባው እጅ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አለመላክ ከመላክ ይሻል ነበር፤ ሆኖም ራውተሩ ይህን የሚናገርበት ምልክት አልተሰጠውም። ማዕርጉ የሚጻፍበት ሁለት ቢት አራት ዋጋ ይይዛል፤ ሰነዱ ሦስቱን ብቻ መድቦ አራተኛውን ትቶታል። «እኔ ከሌለሁ ወደ ሌላ አትሂድ» ለማለት ቢውል መልካም ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ዋጋ የተጻፈበት የመንገድ ማስታወቂያ ቸል እንዲባል ሰነዱ ራሱ አዝዟልና፣ ነባሮቹ ኮምፒውተሮች አይሰሙትም።