ካሬውን አትከርክሙት

ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ አሮጌ የአሜሪካ ብርድ ልብስ፣ ኩዊልት፣ ሲታደስ ለሙያው አዲስ የሆኑ ሰዎች የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ የተዛቡትን ካሬዎች በአንድ ልክ ከርክሞ፣ በመካከላቸው የሚገባውን አዲስ ቅዳጅ ቀጥ አድርጎ መስፋት አይቀልም ወይ? ይቀላል። እኔ ግን መቀስ የሚገባው ለቅዳጁ ብቻ ነው ባይ ነኝ።

በ1920ዎቹና 30ዎቹ እ.ኤ.አ. እጅግ የተወደደውን «የአያት ማራገቢያ» ንድፍ እንይ። ስድስት ሾጣጣ ቁራጮች ከካሬው አንድ ማዕዘን ተነስተው ሲዘረጉ ለእያንዳንዳቸው 15 ዲግሪ ይደርሳቸዋል። ድሩ በቁራጩ መሐል ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ጎኑ ከድሩ 7.5 ዲግሪ ያፈነግጣል። የዳር ቁራጮች ጎን ደግሞ የካሬው ጠርዝ ነው፤ ከድር ያፈነገጠ ጠርዝም ይለጠጣል። ማራገቢያው ያረፈባቸው ሁለት ጎኖች በአጠባና በጉተታ እየረዘሙ፣ ሁለቱ ማዶዎች ግን ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ መዛባቱን የሰፊዋ ጉድለት አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከርካሚው የሚቆርጠው 6 ሚሊሜትር የምታህል የስፌት ትርፍ ደግሞ ፀሐይ ያላገኛት፣ የጨርቁ የመጀመሪያ ቀለም የተረፈባት ቦታ ናት። እሷ ከሄደች ቀጣዩ አዳሽ ምን ይዞ ይሰፋል? ስሟ ሳይጻፍ ያለፈች ሴት የእጅ ሥራ የሚነበበውም እዚያው ስፌት ላይ ነው፤ ይህን ሙያ የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው።

«ያልተከረከመ ካሬ ተነጥፎ አይተኛም» ይባላል። ይተኛል፤ ቅዳጁ በድሩ አቅጣጫ ከተቆረጠ። በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠ ግን አብሮ ይለጠጣል። የቅዳጁ ርዝመት የካሬዎቹ ጎኖች አማካይ ይሁን፤ ግማሹና ሩቡ ምልክት ተደርጎበት በስፒል ይያዝ። በማሽን ሲሰፋ የረዘመው ወገን ከታች ይሁን፤ የማሽኑ ጥርስ ትርፉን ቀስ እያለ ይሰበስበዋል። በ30 ሴንቲሜትር ጎን ላይ ጥቂት ሚሊሜትር እንዲህ ሲበተን ዓይን አይለየውም። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ስፌቱ ይጨማደዳልና፣ ማስገደዱን ትቶ የቅዳጁን ስፋት ከቦታ ቦታ ማስተካከል ይሻላል። ጨርቁ የሳሳበት ቦታ ላይ ማሽኑን ትቶ በእጅ፣ በጥጥ ክር መስፋት ነው።

የሙዚየም ባለሙያዎች የኩዊልቱ ስፌት ጨርሶ አይፈታ፣ በስስ መረብ ይሸፈን ይላሉ። ለሙዚየም ዕቃ ትክክል ናቸው። አልጋ ላይ ሊነጠፍ የሚመለስ ኩዊልት ግን የራሱን ክብደት መሸከም አለበት፤ ያን ክብደት የሚይዝለት አዲሱ ቅዳጅ ነው።