ጭራቁ እናትን አያድንም

ሐዘን ያለበት የልጆች ተረት ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምወስነው ጭራቁ ምን ማድረግ እንደማይችል ነው። ይብረር፣ ቤት ይነቅንቅ፣ ሌሊቱን ያስረዝም፤ የሞተን ግን አይመልስም። ገደቡ ቀድሞ ካልታወቀ ልጁ መጽሐፉን ተአምር እየጠበቀ ይጨርሰዋል፤ ተአምሩ ሲቀርበትም የሚቀየመው ጸሐፊውን ነው።

ይህን ሕጌን በግልጽ የጣሰ፣ ግን የምወደው መጽሐፍ አለ። ሐሳቡን የጠነሰሰችው ሺቮን ዳውድ በ2007 እ.ኤ.አ. በካንሰር ስታርፍ፣ ፓትሪክ ኔስ ጽፎ በ2011 ያሳተመው ነው። እናቱ በካንሰር የታመመችበት ኮነር የተባለ ልጅ ዘንድ ሌሊት 12፡07 ላይ (በእኛ ሰዓት ስድስት ከሰባት) የዛፍ ጭራቅ ይመጣል። እናቱ የምትወስደው መድኃኒትም ከዚያው የዛፍ ዓይነት የተሠራ ስለሆነ ልጁ ጭራቁ የመጣው እሷን ለማዳን ይመስለዋል። እኛም ይመስለናል። ጭራቁ ግን ሦስት ተረት ነግሮት አራተኛውን ከራሱ አፍ ይጠይቀዋል፦ ለማንም ያልተናገረውን፣ ምነው ባለቀልኝ ብሎ መመኘቱን። ኔስ ተስፋውን ክፍት አድርጎ የተሳካለት ጭራቁ የመጣበት ጉዳይ ሌላ ስለነበረ ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ገደቡን ከጻፍኩ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ይህ ልጅ ለማንም ያልነገረው ምንድን ነው?

ለእኛ አገር ልጅ መልሱን ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ንጋት ይጠበቃል፣ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ጎረቤት ቤት ይላክና «ሩቅ አገር ሄዳለች» ይባላል። ድንኳኑ ሲተከል አይቷል፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ሲወርድ ሰምቷል፤ ንፍሮም አፍሰው ሰጥተውታል። የሚያስረዳው ሲያጣ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል፦ ያን ቀን ስላኮረፍኳት ይሆን? ስትጠራኝ ስላልመጣሁ ይሆን? የእኔ ጭራቆች የሚመጡት ይህን ሊጠይቁ ነው። ዘንዶና ዋሻ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይገኛል።

ድፍረትን በተመለከተ ከስዊድናዊቷ አስትሪድ ሊንድግሬን የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ወንድማማቾቹ አንበሳ ልብ» ውስጥ ታላቁ ዮናታን በእሳት አደጋ በሽተኛ ወንድሙን ካርልን አዝሎ በመስኮት ዘሎ ይሞታል፤ አንበሳ ልብ የሚለውን ስም የምትሰጠው መምህርቱ ናት። ካርልም ሞቶ በሌላ ዓለም ከወንድሙ ጋር ይገናኛል፤ ግን ስሙን የወረሰ ፈሪ ነው። ካትላ የምትባለውን ዘንዶ ሲያይም፣ ከዚያም በኋላ እየፈራ ነው የሚሄደው፤ ፍርሃቱ ሲለቀው የምናይበት ምዕራፍ የለም። ወንድማማቾቹ አብረው ወደ ገደል የሚዘሉበት መጨረሻ ግን በአገሯ ብዙ አከራክሯል። እኔም አልጽፈውም፤ ሙት ወዳለበት መሄድን መፍትሔ አድርጎ የሚረዳ አንድ አንባቢ እንኳ ያሳስበኛል።

አርታኢዎች ደግሞ በእኔ ተረት መጨረሻ ላይ የልጁ እናት በሕልሙ ትምጣለት ይላሉ። ሕልሙን እፈቅዳለሁ፤ መልስ እንዳይመስል ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አስገባዋለሁ። ከሕልሙ በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት ይመለስና «እናትህ የት ናት?» ለሚለው የክፍል ጓደኛው ይመልሳል። ከዘንዶው ውጊያ ይልቅ ደጋግሜ የምጽፈው ይህን ቦታ ነው፤ እያሳጠርኩም እሄዳለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት፣ ኳስ እየጠበቀ፣ ረጅም ንግግር የሚያደርግ ልጅ የለምና።